ወለላ ወደ ማን ትሄዳለች

ሱለይማን በሚስቱ ላይ የሚቀናው ሌላ ወንድ ስላየባት አልነበረም። የሚቀናው አባቱ ስለወደዷት፣ ፈረሶቹም ስለመረጧት ነበር። እንዲህ ያለ ቅናት ለማንም አይወራም፤ ለጓደኛ ቢያወሩት ያስቃል፣ ለሽማግሌ ቢያወሩት ያሳፍራል። ስለዚህ ዋጥ አድርጎ ይዞት ነበር የሚውለው።

እርሻቸው በሱዳን ምድር፣ ከመፋዛ ወደ ላይ፣ የራሃድ ወንዝ ጠምዘዝ ብሎ በሚያልፍበት ዳር ነው። አባቱ እስማኤል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከመተማ ቆላ ሲሰደዱ፣ ሌላው ሰው ልጁንና ስልቻውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ እሳቸው የከበደች፣ ለመውለድ የተቃረበች ባዝራ እየጎተቱ ነበር ድንበሩን የተሻገሩት። ዘመዶቻቸው እስከ ዛሬ ይህን እያነሱ ይስቁባቸዋል። ዛሬ በበረታቸው ያሉት ፈረሶች ሁሉ የዚያች ባዝራ ዘሮች ናቸው። አጫጭር ናቸው፤ የዓረብ ፈረስ የለመደ ሰው ሲያያቸው ገና ያላደጉ ውርንጭሎች ይመስሉታል። ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወራት፣ ገብቶ ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ ግን ሎሪውም ትራክተሩም በያለበት ተተክሎ ይቀራል፣ እነዚህ ድንክ ፈረሶች ደግሞ ትንንሽ ኮቴያቸውን እየነቀሉ ያልፋሉ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ናፍጣ ስለጠፋ፣ ድሮ ሲስቅባቸው የነበረ ሁሉ ለካሮው፣ ለጋሪው ማለት ነው፣ አንድ እንዲሰጡት እስማኤልን ደጅ ይጠናል።

ሱለይማን የእስማኤል አንድ ወንድ ልጅ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከፈረስ ወድቆ ጭኑን ተሰብሯል። አጥንቱ ሲጠገን ትንሽ ጎበጥ ብሎ ስለገጠመ፣ ከዚያ ወዲህ ሲራመድ በግራ በኩል ዘንበል ይላል። አባቱ አልተቆጡትም፤ ግን ና ፈረሱን ያዝልኝ ብለው ጠርተውትም አያውቁም። እሱም ካልተጠራሁ ብሎ ወደ ሰሊጡና ወደ ዱራው፣ ወደ ማሽላው፣ ማሳ ሄደ። እንዲህ ሲሆን ስንት ዘመን አለፈ፤ አባትየው ልጄ ፈረስ ጠላ ሲሉ፣ ልጁ አባቴ ተስፋ ቆረጠብኝ ሲል፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ።

ዙሌካን ያገባት ከገዳሪፍ ነው። አባቷ በካሮ ውኃ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ነበር፤ ከፈረስ ጭራ ሥር ነው ያደገችው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ በረት አልቀረበችም፤ አዲስ ሙሽራ ናትና አንገቷን ደፍታ ቤቷን ያዘች። አንድ የብርድ ወራት ጠዋት ግን እስማኤል አንድ ጥጃ የሚያህል ወጠጤ ድንክ ፈረስ ልጓም ሊያጎርሱ ሲታገሉ፣ ሱለይማን ደግሞ ሲያልፍ አይቷቸው ሳይጠራ ገብቶ ጆሮውን ጠምዝዞ ይዞላቸው ሲጎተት፣ ከጎጆው ወጥታ አየቻቸው።

«አባየ፣ ብረቱ ቀዝቅዞት ነው» አለች።

ልጓሙን ተቀብላ በተከናነበችው ቶብ ጠቀለለችውና ብብቷ ሥር አድርጋ ቆመች። ብረቱ ሲሞቅ አውጥታ፣ በጣቷ ጥርሱ የሌለበትን የአፉን ጥግ ነካ አድርጋ አጎረሰችው። ፈረሱ አኘክ አኘክ አድርጎ ዝም አለ። እስማኤል ሳቁ። ሱለይማን አባቱ እንዲያ ሲስቁ ካያቸው ብዙ ጊዜው ነበር፤ እሱም አብሮ ፈገግ አለ። ጆሮውን የያዘበት እጁ ግን ዝም ብሎ አየር ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የእስማኤል የመጀመሪያ ቃል «ዙሌካን ጥሩልኝ» ሆነ።

ሱለይማን ወደ ማሳ የሚወጣው በበረቱ አጥር ጥግ ነው። መጀመሪያ ሲያልፍ ነበር የሚሰማቸው። ኋላ ግን መቆም ጀመረ። ከእሾህ አጥሩ ወዲያ ቁጢጥ ብሎ ከጫማው እሾህ እንደሚነቅል ሰው ይሰማ ነበር።

«ውርንጭላ በተወለደበት ቀን አይመረጥም፣ ልጄ» ይላሉ አባቱ። «ሁሉም በተወለደበት ቀን ያምራል። ተይውና እናቱ ወደ ውኃ ስትወርድ እይው። ከኋላዋ ጭራዋን እያየ የሚሄደውን አትፈልጊው። ጎን ለጎን ሆኖ መንገዱን የሚያየው፣ እሱ ፈረስ ይሆናል።»

ይህን ለሱለይማን ነግረውት አያውቁም። የድንጉላውን የጉራቻን አያት ከመተማ እንዴት እንዳሻገሯት፣ የትኛዋ ባዝራ ከየትኛው ድንጉላ ጋር ስትገናኝ እግረ ቀጭን እንደምትወልድ፣ ሁሉንም ለእሷ ነገሯት። አንድ ቀን ራት ላይ ሆን ብሎ «ስለ ውርንጭላ ምርጫ ለኔ ነግረውኝ አያውቁም» አላቸው።

እስማኤል እንጀራውን ጠቅልለው ቆም አሉ። «አልጠየቅኸኝም» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበው።

ከሁሉ የባሰችው ወለላ ናት። ወለላ ቀለሟ እንደ ስሟ ማር የመሰለ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ዐይኗ ረጋ ያለ ባዝራ ናት። ስትወለድ እስማኤል «ይቺ ለሱለይማን ትሁን» ብለው ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሱለይማን ባዝራ ይላታል። ዙሌካ ግን ገራቻት፣ ኮርቻ አስለመደቻት፣ በገዛ ማሳቸው ውስጥ ከቶቧ ሥር ሱሪ ለብሳ እስከ ወንዙ ትጋልባት ጀመር። ስትጠራት ከንፈሯን ገጥማ ሕፃን እንደሚያባብሉበት ዓይነት ረዘም ያለ ማጉረምረም ታሰማለች፤ መጨረሻው ላይ ዝቅ ታደርገዋለች። ወለላም የትም ብትሆን ጆሮዋን አቁማ ትመጣለች።

«ሰው ምን ይላል?» አላት አንድ ቀን። «ሴት ፈረስ ስትጋልብ።»

መልሱን የሰጡት አባቱ ናቸው። «የሚያይ ሰው የት አለ? ወንዙና ዝንጀሮው ነው» አሉ።

በቀጣዩ ዓመት በብርዱ ወራት እርጅና የተጫነው ድንጉላ፣ ጉራቻ፣ ሞተ። ጥቁር፣ ቁጡ፣ የበረቱን ዘር ያቆየ ፈረስ ነው። እስማኤል ሦስት ቀን ከሰው ጋር አላወሩም። ከዙሌካ ጋር ብቻ አወሩ።

ዒድ ሲደርስ ሱለይማን ወለላን ይዞ እንደሚወጣ ተናገረ። በመፋዛ የዒድ ቀን ከሰላት በኋላ ወንዶቹ በወንዙ ዳር ሜዳ ፈረስ ይጋልባሉ፤ ሴቶችና ልጆች ከግራር ጥላ ሥር ሆነው ያያሉ። ዙሌካ አፏ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጋ «አደራ፣ አታስሩጣት ብዙ» ብቻ አለችው። እሱ ደግሞ በዚህች ቃል ቀኑን ሙሉ ተቃጠለ። የራሱን ባዝራ እንዴት እንደሚጋልብ ከሚስቱ ሊማር ነው?

ሲጀምሩ ደህና ነበር። ጭኑ ቢያምመውም ኮርቻው ላይ ቀጥ አለ፤ ከጎኑ ካሉት ሁለቱን ቀደመ። ከዚያ በሜዳው መሐል ወለላ ጆሮዋን ወደ ግራሮቹ አዞረች። ልጓሙን ሳበ፤ አንገቷን ቆልምማ ሰጠችው እንጂ እግሯን አልመለሰችም። በሶምሶማ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄዳ ዙሌካ ፊት ቆመች፣ አፍንጫዋንም ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሱለይማን በላይዋ ተቀምጦ ቀረ።

መጀመሪያ የሳቁት ልጆች ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ከኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ለዒድ የመጣው የአጎቱ ልጅ ጀማሉ የተዋሰውን ፈረስ አጠገቡ አቁሞ «ወላሂ ሱለይማን፣ ባዝራዋ ባለቤቷን ታውቃለች» አለው። ለክፋት አልነበረም የተናገረው። ዙሌካ አልሳቀችም፤ ቶቧን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ መሬት አየች። ሱለይማን ይህንንም ሳቋን የደበቀች አድርጎ ቆጠረው።

ማታውን ጀማሉ የካሮ ፈረሱ እንደሞተበት፣ መኪናው ደግሞ ያለ ናፍጣ እንደቆመ ሲያወራ፣ ሱለይማን ሳያስብ የመጣለትን ተናገረ።

«ወለላን ውሰዳት። ኸሪፍ እስኪያልፍ ሥራባት።»

እስማኤል ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ያንተ ናት» አሉ በመጨረሻ። «የራስህን ነው የሰጠኸው።» ተነሥተውም ወጡ። ሱለይማን የፈለገው እንዲከለክሉት፣ እንዲጣሉት ነበር። ቢጣሉት ቢያንስ ከእሱ ጋር ያወሩ ነበር።

በማግሥቱ ወለላን ለመጫን ሎሪው ዘንድ ሲያደርሳት ዙሌካ ከኋላ እየሮጠች ደረሰች። እስክትደርስ ድረስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

«ሱለይማን፣ ቆይ። ከብዳለች።»

«ማን?»

«ወለላ። ከጉራቻ ነው። አንተ ሰሊጥ ልትሸጥ ገዳሪፍ የሄድህ ሰሞን ነው ያስጠቃናት። ከዚያ ወዲህ ድንጉላ አልፈለገችም። አባየም ያውቃሉ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ባትኖር ኖሮ ምናልባት ገመዱን ይመልሰው ነበር። አባየም ያውቃሉ። በገዛ ባዝራው የሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ ቀርቶ። ወለላን ተመለከተ፤ ሆዷ እንደ ወትሮው ነው። ልታስቀራት ብላ ነው፣ አለ በልቡ። ውሸት እንዳልሆነ የልቡ ሌላኛው ጥግ ያውቅ ነበር፤ ግን በዚያ በኩል አልሰማም።

«ሁሌ አንድ ነገር አታጪም» አላትና ወለላን ወደ ሎሪው ገፋት።

ዙሌካ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ከዚያ ቀን በኋላም አልተጣላችውም። ራቱን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ሲጠይቃት ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ከአባቱ ጋር በረት ትገባለች፤ ሁለቱም ግን አያወሩም። ከአጥሩ ወዲያ ቁጢጥ ብሎ ቢያዳምጥ የማበጠሪያውን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አባቱና ሚስቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዲት የጎደለች ባዝራ ያስባሉ። ሐዘናቸው እንኳ የጋራ ነበር፤ ሱለይማን በዚያም ቀና።

የመጀመሪያው ዝናብ ካፊያ ሲጀምር ጀማሉ ስልክ ደወለ።

«ይቺ ባዝራህ ሰንፋለች» አለ። «ከካሮው ሥር እየተኛች ታስቸግረኛለች። በልታ በልታ ሆዷ ወፍሯል፣ እግሯ ግን አልጠነከረም። አንድ ነጋዴ በሌላ ፈረስ ልለውጥህ ይለኛል። ምን ትላለህ?»

ሱለይማን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ገና ያልተዘራው የዱራ ማሳ መሐል ተቀመጠ። ሆዷ ወፍሯል። ዙሌካ መንገድ ላይ ቆማ የቀረችበት መልክ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

«አትለውጣት» አለው። «ካሮውን ዛሬውኑ ፍታላት። መጣሁ።»

ለቤት ሰው ምንም ሳይናገር ሄደ። ተሳስቼ ነበር ለማለት አፉ እሺ አላለውም፤ ደግሞም ባዝራዋ ሞታ ቢያገኛትስ? ኸሽም ኤል ቂርባ ሲደርስ ጀማሉ ግቢ ውስጥ በራኩባው፣ በሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር አገኛት። የካሮው ቀንበር ትከሻዋን ልጦት ዝንብ ወሮታል። ጋማዋ ተቋጥሯል፣ ጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ሆዷ ብቻ ከሥር ክብ ሆኖ ወርዷል። ስታየው ጆሮዋን አነሣችና መልሳ ጣለችው። የፈለገችው ሰው አይደለም።

ጀማሉ ከአጠገቡ ቆሞ አንገቱን አከከ። «እርጉዝ መሆኗን ማን ነገረኝ?» አለ።

«እኔ አልነገርሁህም» አለ ሱለይማን። «ለኔ ተነግሮኝ ነበር።»

በሎሪ እስከ ገዳሪፍ አደረሳት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በዝናብ ተዘግቶ ነበር፤ ሾፌሮቹ ጎማቸው ሥር ተኝተው ሻይ ይጠጣሉ። በቁስሏ ላይ ሊቀመጥባት አይችልም፣ ስለዚህ በእግሩ ገመዷን ይዞ ተነሣ። ጥቁሩ ጭቃ እግሩን እየያዘው፣ የተጣመመው ጭኑ በየእርምጃው እየወጋው። ወለላ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። ቢጎትታት አትንቀሳቀስም፤ ቢገፋት ዐይኗን ትከድናለች። ካንድ ውኃ የያዘ ቦይ ዳር ስትደርስ ጨርሳ እንቢ አለች። ሰማዩ ወደ ደቡብ ጠቁሯል፤ ቦዩ ከሞላ ማሻገር አይቻልም።

ሱለይማን ገመዱን ለቀቀው። ብቻውን ቦዩን ተሻግሮ ማዶ ቆመ። ማንም እንደሌለ ዙሪያውን ካየ በኋላ ከንፈሩን ገጥሞ ያን ማጉረምረም ሞከረው፣ ረዘም አድርጎ፣ መጨረሻውን ዝቅ። አንድም ቀን ተለማምዶት አያውቅም። ግን አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ ስንት ጠዋት ሰምቶታል፤ አንዷም ዜማ አልጠፋችውም። ወለላ ጆሮዋን አቆመች። ድምፁ የሱ፣ ጥሪው የዙሌካ ነው፤ ግራ ገብቷት ቆየች። ከዚያ አንድ እግሯን ውኃው ውስጥ ከተተች፣ ሌላውንም፣ ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ እያጉረመረመ ነው የሄደው። የገበሬ ጎጆ ባገኙበት ያድራሉ፣ ቁስሏን በጨው ውኃ ያጥብላታል። ስትሄድ የትኛውን እግሯን አስቀድማ እንደምታነሣ፣ ሲደክማት የታች ከንፈሯ እንዴት እንደሚንጠለጠል አየ። ከተወለደች ጀምሮ የሱ ናት ሲባል ኖሮ፣ አንድም ቀን እንዲህ አላያትም ነበር።

ቤት የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። እስማኤል በር ላይ ነበሩ። ወደ ባዝራዋ ሄደው መዳፋቸውን ከእምብርቷ በታች አሳርፈው ቆዩ። የውስጡ ሲንቀሳቀስ ሲሰማቸው ዐይናቸው እንባ ሞላ።

«በእግርህ ነው ያመጣሃት?» አሉት።

«በእግሬ ነው፣ አባየ።»

ዝቅ ብለው ያበጠውን ጉልበቱን አዩና «ግባ፣ በሞቀ ውኃ እሸው» አሉት።

ዙሌካ ቁስሉን ስታጥብ እሱ ከጎኗ ባልዲውን ያዘ።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ።

«ነግሬህ ነበር።»

«ማመኑን አምኜሻለሁ። ቀንቼብሽ ነው።»

ጨርቁን ጨምቃ መልሳ ነከረችው። «አውቃለሁ» አለች። «አጥሩ ሥር ስትቀመጥ ነጠላ ጫማህ በእሾሁ ሥር ይታያል።»

ሱለይማን ፊቱ ጋለ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ለባሌ ቀንተህብኛል ልበለው? እንድትገባ እየጠበቅሁ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ዛሬ ይገባል ነገ ይገባል ስል፣ አንተ ፈረሷን ለሰው ሰጠሃት።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ብትሞት ኖሮ ይቅር አልልህም ነበር። አሁንም ገና አላልሁህም።»

«እሺ» አለ ሱለይማን። ባልዲውን ሊሞላ ሄደ።

ኸሪፍ አለፈ። ቁስሉ ድኖ በላዩ ነጭ ጠጉር አበቀለ። ሱለይማን ጠዋት ጠዋት ወደ ማሳው ከመውጣቱ በፊት በረት መግባት ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ፣ ኋላ ፋንድያ እየዛቀ። አባቱ ለዙሌካ ሲያወሩ እሱ ይሰማል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። እስማኤል መጀመሪያ ሲጠይቃቸው እንደ መደንገጥ ብለው ነበር፤ ከዚያ ግን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየደጋገሙ ያስረዱት ጀመር። ዙሌካ ይቅር ያለችው መቼ እንደሆነ አያውቅም። አንድ ቀን ራት ላይ ከሱ ሳህን ቆርሳ በላች፤ ያኔ ይሆናል ብሎ ገመተ።

ዱራው በሚታጨድበት ወር ወለላ አማጠች። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ። ዙሌካ ከኋላ ተንበረከከች፤ ሱለይማን የባዝራዋን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘ፣ ጥሪውን በዝግታ እያጉረመረመላት። እስማኤል ምርኩዛቸውን ይዘው በላያቸው ቆሙ። ብዙም አላስቸገረችም፤ ውርንጭላዋ ወጥታ ገለባው ላይ ስትንሸራተት ዙሌካ ሽፋኑን ከአፍንጫዋ ገፈፈች።

እስማኤል ጎንበስ ብለው አዩ። «ሴት ናት» አሉ። የጉራቻን ምትክ ድንጉላ ነበር የጠበቁት። «ይሁን። እኛም በሴት ነው የጀመርነው።»

ውርንጭላዋ ቀጫጭን እግሮቿን አንፈራጥጣ ተነሣች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተነሣች። ወለላም ራሷን ከሱለይማን ጭን አንሥታ ቆመች። ልጇን ልሳ ስትጨርስ አንገቷን ዘርግታ፣ በሱለይማን አጠገብ አልፋ፣ አፍንጫዋን ዙሌካ ትከሻ ላይ አሳረፈች። የዒድ ቀን ያየው ያው ነገር ነው፤ በደረቱ በኩልም ያው የታወቀ ቁንጥጫ ተሰማው። ዙሌካ ቀና ብላ አየችው። የተሰማውን እንዳወቀችበት ገባው።

«ውኃ አምጣላት» አለችው። «ለብ ያለ ይሁን፣ ቀዝቃዛ እንዳይሆን።»

ሱለይማን ከገለባው ላይ ተነሣ። የተጣመመ እግሩ ደንዝዞ ስለነበር አባቱ ትከሻቸውን ሰጡት፤ ተደግፎ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ እግሩ ተፈታለት። ባልዲውን ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ወጣና እሳቱን ቆሰቆሰ።